ምክንያቱ ያልታወቀ ስትሮክ በወጣትነት፦ አስፒሪን፣ ጠንካራው ደም ማቅጠኛ ወይስ የልብ ቀዳዳውን ማስደፈን?

ደም ግፊት የለበትም። ስኳር የለበትም። አያጨስም፣ ኮሌስትሮሉም ደህና ነው። እንዲያም ሆኖ በ34 ዓመቱ አንድ ጠዋት ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፣ አፉ ተጣመመ፣ ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ወረቀቱ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ ስትሮክ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰውና ለቤተሰቡ ነው። የማወራው የጭንቅላት ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ስለሚመጣው ስትሮክ ነው። ደም ፈስሶ የሚመጣው ሌላ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው መድኃኒቶች እሱን ሊያባብሱት ስለሚችሉ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ መጀመሪያ ያንን ጠይቁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ ብርቅ አይደለም። ስትሮክ ከሚመታቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ከ50 ዓመት በታች ናቸው። በፊንላንድ ሄልሲንኪ ከ1994 እስከ 2007 ድረስ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 1008 ታማሚዎች ተመዝግበው ሲጠኑ፣ ሲሶ ያህሉ ቁርጥ ያለ ምክንያት አልተገኘላቸውም። ያውም መሣሪያው ሁሉ ባለበት አገር።

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ሲደርስ የሚጠይቀው «የቱ መድኃኒት ይበረታል?» ብሎ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ይደውልና «እዚህ እኮ አዲስ ደም ማቅጠኛ አለ፣ ልላክለት?» ይላል። ሌላው የልብ ቀዳዳ በቀላሉ እንደሚደፈን ሰምቷል። ሁሉም በቅንነት ነው። ግን ምርጫው የሚወሰነው ምን ተፈልጎ ምን እንዳልተገኘ ሲታወቅ ነው፤ ያ ሳይጣራ የሚመረጥ መድኃኒት ግምት ነው።

ተፈልጎ ነው የጠፋው ወይስ አልተፈለገም?

ሐኪሞች ከ1993 ጀምሮ የስትሮክን መነሻ የሚመድቡበት ቶስት የሚባል አሠራር አለ። በዚህ አሠራር «ያልታወቀ» በሚለው ምድብ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሰዎች አብረው ይገባሉ። አንዱ ሁሉ ነገር ተመርምሮለት ምንም ያልተገኘበት ነው። ሁለተኛው ከአንድ በላይ ምክንያት ተገኝቶበት የመታው የትኛው እንደሆነ ያልተለየለት ነው። ሦስተኛው ምርመራው ያላለቀለት ነው። ወረቀታቸው ላይ የሚጻፈው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥለው ማድረግ ያለባቸው ነገር ግን አይገናኝም።

በአገራችን ሦስተኛው ሰው ብዙ ነው። ሲቲ ስካን ይነሣል፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይሠራለታል፣ አስፒሪን ተጽፎለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ቢሠራለት ኖሮ ምናልባት በልጅነቱ በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የተጎዳ የልብ ቫልቭ ይገኝበት ነበር። ሪውማቲክ የልብ ሕመም ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም ብዙ ወጣቶችን የያዘ በሽታ ነው፤ ከስትሮክ ምክንያቶችም አንዱ ነው። እሱ ከተገኘ ሕክምናው ይለወጣል፣ «ያልታወቀ» የሚለውም ይቀራል።

ሙሉ ምርመራ የሚባለው ምንድን ነው? የጭንቅላት ኤምአርአይ (ካልተቻለ ሲቲ)፣ የአንገትና የጭንቅላት ደም ሥሮች ምስል፣ ኢሲጂ፣ ቢያንስ የ24 ሰዓት የልብ ምት ክትትል፣ ኢኮ፣ ከዚያም የደም ምርመራ። ከደም ምርመራው ኤችአይቪና ቂጥኝ እንዳይቀሩ፤ ሁለቱም ስትሮክ ሊያመጡ ይችላሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለው የደም መርጋት ችግርም አለ። እሱ አንዴ ታይቶ አይበቃም፤ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሳይሠራ ይቀራል።

ኪስ ካልፈቀደስ? ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኜ ገንዘቤ ለአንድ ምርመራ ብቻ ቢበቃ ኢኮውን አስቀድማለሁ። ቀጥሎ የአንገት ደም ሥር ምስል። የመጨረሻ ላይ የማስቀምጠው በዘር የሚወረስ የደም መርጋት ምርመራ የሚባለውን ረጅም ዝርዝር ነው። ውድ ነው፣ በአብዛኛው የሚያያዘው ከእግርና ከሳንባ የደም መርጋት ጋር ነው፣ ለስትሮክ ታማሚ ሕክምናውን የሚለውጠውም ከስንት አንዴ ነው።

አንገትን ግን አትርሱት። የአንገት ደም ሥር ግድግዳ መሰንጠቅ በወጣቶች ላይ ከሚታወቁት የስትሮክ ምክንያቶች ከዋነኞቹ አንዱ ነው። በመኪና አደጋ ይመጣል፣ አንገትን በኃይል አዙሮ ከሚያንቋቋ ማሳጅ ይመጣል፣ በከባድ ስፖርት ይመጣል፣ አንዳንዴም ምንም ሳይደረግ ይመጣል። ከስትሮኩ በፊት በነበሩት ቀናት በአንድ ወገን አንገት ወይም ጭንቅላት ላይ አዲስ ሕመም ከነበረ ሳትጠየቁ ንገሩ። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ስለሚድን፣ ምስሉ ከግማሽ ዓመት በኋላ ከተነሣ ምንም ላያሳይ ይችላል። ያኔ በእርግጥም «ያልታወቀ» ሆኖ ይቀራል።

ሌላም አለ፤ ካሮቲድ ዌብ ይባላል። በአንገት ትልቁ ደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የምትወጣ ቀጭን ሽፋን ናት። ደም ሥሩን እምብዛም ስለማታጠብበው «ጥበት የለም» ተብሎ ይታለፋል፤ ከኋላዋ ግን ደም ተጠራቅሞ ይረጋል። በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የተመዘገበ ነገር ስለሆነ፣ ውጭ አገር የምትታከሙ ሐበሾች የሲቲ አንጂዮግራፊውን (የደም ሥሮቹን የሲቲ ምስል) ያነበበው ባለሙያ ይህንን በስሙ ፈልጎ እንደሆነ ብትጠይቁ ነውር የለውም። ከተገኘች ከመድኃኒት ባሻገር ስቴንት (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ የሽቦ ቱቦ) ማስገባት ወይም ቀዶ ሕክምና የሚታሰብበት ጊዜ አለ።

ጫት ከቃማችሁ፣ ሺሻ ካጨሳችሁ፣ ሌላም ነገር ከወሰዳችሁ ለሐኪሙ በግልጽ ተናገሩ። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። እናት አጠገብ ስለቆመች ተደብቆ የሚያልፍ መልስ ምርመራውን ሁሉ ሊያሳስት ይችላል፤ እናትን ለአምስት ደቂቃ ወጣ እንድትል መጠየቅ ይቻላል።

ኢኮ በደረት ወይስ በጉሮሮ?

ተራው ኢኮ በደረት ላይ ጄል ተቀብቶ የሚሠራው ነው። የቫልቭ ችግርን፣ የልብ ድካምን፣ ትልቅ የረጋ ደምን ያሳያል። በጉሮሮ የሚገባው ደግሞ ልብን ከኋላ በቅርበት ስለሚያይ ትንንሹን ነገር ያወጣል። ለእሱ ስድስት ሰዓት ገደማ ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጉሮሮ በሚያደነዝዝ መርጨት ይረጫል፣ ማስታገሻ ይሰጣል፣ ቀጭን ቱቦ ትውጣላችሁ። ደስ አይልም፤ ግን ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

ሁለቱም ላይ ሊጨመር የሚችል አንድ ነገር አለ፤ የአረፋ ምርመራ። ባለሙያው ትንሽ የጨው ውሃ ከጥቂት አየር ጋር በሁለት ስሪንጅ መካከል ወዲያና ወዲህ እየገፋ ይንጠዋል። ፈሳሹ ሲደፈርስ በክንድ ደም ሥር ይሰጣችኋል። ስክሪኑ ላይ የቀኙ የልብ ክፍል በነጫጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ከዚያ «አምጡ፣ ትንፋሽ ያዙ» ትባላላችሁ፤ ቀጥሎ «ልቀቁ»። በሦስት የልብ ምት ውስጥ ነጠብጣቦቹ በግራው ክፍል ብቅ ካሉ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከ20 በላይ ከሆኑ ቀዳዳው ብዙ ደም ያሳልፋል ይባላል። ማማጡ ካልተደረገ ቀዳዳው ሊደበቅ ይችላል፤ ስለዚህ «ቀዳዳ የለም» ከተባላችሁ ሲመረመር አምጣችሁ እንደነበር አስታውሱ።

ከ60 በታች ለሆነና ሌላ ምክንያት ላልተገኘለት ሰው የአረፋ ምርመራውን አጥብቄ እመክራለሁ። ውጤቱ ሊከተል የሚችል ሕክምና ስላለው ነው።

አስፒሪን ወይስ ጠንካራው ደም ማቅጠኛ?

አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ወገን ናቸው። ዋርፋሪን፣ ሪቫሮክሳባን፣ ዳቢጋትራንና አፒክሳባን ሌላ ወገን፤ እነዚህ የደም መርጋትን በሌላ መንገድ ይበልጥ አጥብቀው ይከለክላሉ። የሚበረታው መድኃኒት የተሻለ ይከላከላል ብሎ ማሰብ የዋህነት አልነበረም፤ ሐኪሞቹም እንዲያ አስበው ነበር። ስለዚህ ተፈተነ።

በ2018 የታተመው ናቪጌት የተባለ ጥናት ምክንያቱ ያልታወቀ ስትሮክ ያለባቸውን 7213 ሰዎች ግማሹን ሪቫሮክሳባን፣ ግማሹን አስፒሪን ሰጣቸው። ስትሮኩ በመመለስ ረገድ ልዩነት አልታየም። ከባድ ደም መፍሰስ ግን በዓመት ከ100 ሰው 0.7 የነበረው ወደ 1.8 ወጣ፤ ጥናቱም ከጊዜው በፊት ቆመ። በ2019 ዳቢጋትራን በ5390 ሰዎች ላይ ከአስፒሪን ጋር ተወዳደረ፤ አልበለጠም። በ2024 ደግሞ አፒክሳባን የልባቸው የላይኛው ክፍል የድካም ምልክት ባሳየ ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ እሱም አልበለጠም። በእነዚህ ጥናቶች የገቡት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የ30 ዓመት ሰው ይህንን ማወቅ አለበት። ቢሆንም ለወጣት ይሻላል የሚል ማስረጃ ስለሌለ፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ምርጫው አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ነው። ከዱባይም ይምጣ ከዋሽንግተን፣ ሐኪም ያላዘዘውን ውድ እሽግ አትጀምሩ።

ጠንካራው የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ግን ምክንያቱ ታውቋል ማለት ነው። የልብ ምት መዛባት (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን) ከተገኘ፣ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ከታየ፣ ወይም አንቲፎስፎሊፒዱ ሁለቴ ፖዘቲቭ ከሆነ። እዚህ ላይ አዲሱ ሁልጊዜ አይሻልም። በሪውማቲክ የልብ ሕመም ላይ ምት መዛባት ለተጨመረባቸው ሰዎች በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት እንዳሳየው፣ እነዋርፋሪንን የወሰዱት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ ሞት ነበራቸው። በአንቲፎስፎሊፒድም የሚመረጠው ዋርፋሪን ነው። አሮጌ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አድካሚ ነው፤ ግን ለእነዚህ ሰዎች የሚያዋጣው እሱ ነው።

አድካሚ ያልኩት አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ስለሚጠይቅ ነው። ቁጥሩ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመን ዋርፋሪንን ያዳክማል። ጎመን ጨርሶ ይቅር ማለት ግን አይደለም፤ በሳምንት የምትበሉት መጠን ተመሳሳይ ይሁን። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ በአንዴ ከበዛ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ፋሲካ ላይ ሲቀር ይወጣል። ስለዚህ ጾሙ ሲገባም ሲፈታም ተለኩ። የቲቢው ሪፋምፒሲን ዋርፋሪንን በጣም ያዳክመዋል፤ ሜትሮኒዳዞልና ባክትሪም ደግሞ ከልክ በላይ ያጠነክሩታል። ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» በሉ።

በአስፒሪን በኩል የሚያጋጥመው ጥያቄ «አንድ ወይስ ሁለት?» ነው። ቀለል ያለ ስትሮክ ለነበረበት ሰው ወዲያው እንደተከሰተ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ለ21 ቀን ይሰጣሉ፤ ከዚያ አንዱ ይቆማል። ለዓመታት ሁለቱን አብሮ መዋጥ ደም መፍሰስን ይጨምራል። ማዘዣው ላይ መቆሚያ ቀን ካልተጻፈ ጠይቁ፤ ሁለቱንም ሲውጥ ዓመት የሚከርም ሰው አለ። ጨጓራ ካስቸገራችሁ ክሎፒዶግሬል ከኦሜፕራዞል ጋር ጥሩ አይሄድም፤ ፓንቶፕራዞል ይሻላል። ለጀርባና ለራስ ምታት ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ከአስፒሪን ጋር ደም ያፈስሳሉ፤ አይቡፕሮፌን እንዲያውም የአስፒሪንን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሁን።

ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ብዙ ሰው «ምች ነው»፣ «መጋኛ ነው» ይላል፣ ጠበልም ይሄዳል። እምነት ያጽናናል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ ሂዱ። መድኃኒቱ ግን አብሮ ይሂድ። በቀን አንዴ የሚዋጥ እንክብል ከጾም ሰዓት ውጭ ሊወሰድ ይችላል፤ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ እንጂ አታቋርጡ።

ቀዳዳውን ማስደፈን ወይስ መተው?

ፒኤፍኦ የምትባለው ቀዳዳ በማህፀን ሳለን ደም ከቀኝ ወደ ግራ የልብ ክፍል የምታሳልፍ መተላለፊያ ናት። ከተወለድን በኋላ ትዘጋለች። ከአራት ሰዎች በአንዱ ግን ሙሉ በሙሉ አትዘጋም። አብዛኛው ሰው ሳያውቃት ይኖራል፣ ያረጃል። ምክንያቱ ባልታወቀ ስትሮክ ከተመቱ ወጣቶች ግን ግማሽ በሚጠጉት ላይ ትገኛለች። ከእግር የተነሣ ትንሽ የረጋ ደም ወደ ሳንባ በመሄድ ፈንታ በእሷ በኩል አልፎ ወደ ጭንቅላት ይወጣል።

ማስደፈኑ እንዲህ ነው፦ በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ልብ ሲደርስ ከሁለት ክብ የሽቦ መረብ የተሠራ መድፈኛ ቀዳዳዋን ከወዲህና ከወዲያ ይቆልፋታል። ደረት አይከፈትም። ብዙዎች በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ከዚያ ለጥቂት ወራት ሁለት መድኃኒት፣ ቀጥሎ ለዓመታት አንድ ይወሰዳል። «ከደፈንኩ ከአስፒሪን እገላገላለሁ» ብላችሁ ከሆነ የምታስደፍኑት፣ ያ ወዲያው አይሆንም።

ይጠቅማል ወይ? እስከ 2013 የወጡት ጥናቶች ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም። በ2017 ግን ሦስት ጥናቶች አብረው ወጥተው ነገሩን ቀየሩት። ክሎዝ በተባለው የፈረንሳዮች ጥናት ካስደፈኑት 238 ሰዎች በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ አንድም ሰው ስትሮክ አልተመለሰበትም፤ አስፒሪን መሰል መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 235 ሰዎች ግን በ14ቱ ተመለሰ። በ2021 የስድስት ጥናቶች 3740 ሰዎች አንድ ላይ ሲታዩ ስትሮክ የተመለሰባቸው በዓመት ከ100 ሰው፣ በመድኃኒት ብቻ 1.09፣ ሲደፈን 0.47 ሆነ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ረጋ ብላችሁ እዩዋቸው። ሲደፈን አደጋው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ባይደፈንም በዓመት ከ100 ሰው 99ኙ አይመለስበትም። ስለዚህ የተባላችሁት ቀን ተሯሩጣችሁ መሬት የምትሸጡበት ጉዳይ አይደለም። ለ28 ዓመት ሰው ግን ከፊቱ 50 ዓመት አለ፤ በየዓመቱ ትንሽ የሆነው ሲደማመር ትንሽ አይሆንም።

ለማን ይበልጥ ይጠቅማል? ሮፕ የሚባል ነጥብ አለ፤ ቤት ተቀምጣችሁ ልትደምሩት ትችላላችሁ። ዕድሜ ከ18 እስከ 29 ከሆነ 5 ነጥብ፣ በ30ዎቹ 4፣ በ40ዎቹ 3፣ በ50ዎቹ 2፣ በ60ዎቹ 1። ደም ግፊት ከሌለ 1፣ ስኳር ከሌለ 1፣ ካላጨሰ 1፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ ወይም አላፊ ስትሮክ (ምልክቱ ቶሎ የሚጠፋው) ካልነበረ 1፣ ምስሉ ላይ ጉዳቱ በአንጎል ቅርፊት ላይ ከሆነ 1። ከ7 በላይ ወይም 7 ከሆነ ቀዳዳዋ ተጠያቂ የመሆን ዕድሏ ከፍ ይላል። ምንም የሌለባት የ28 ዓመት ልጅ 10 ታገኛለች። ደም ግፊት ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ጉዳቱ በአንጎሉ ውስጠኛ ክፍል የሆነ የ48 ዓመት ሰው 5 ያገኛል። ለእሱ መጀመሪያ የሚሠራው ግፊቱን ማስተካከልና ሲጋራውን ማቆም ነው።

ከነጥቡ ጋር የቀዳዳዋ ዓይነት ይታያል፦ ብዙ አረፋ ታሳልፋለች ወይ? በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ይወዛወዛል ወይ? በ2021ዱ ጥናት ነጥቡም ከፍ ያለ፣ ቀዳዳዋም አስጊ የሆነችባቸው ሰዎች ከመድፈኑ እጅግ ተጠቅመዋል። ሁለቱም የሌላቸው ምንም አልተጠቀሙም፤ የመድፈኛው ጣጣ ብቻ ነው የተረፋቸው። ጣጣው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ዋናው የልብ ምት መዛባት ነው፤ ከ100 በአምስቱ ገደማ፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጥቶ የሚያልፍ። ከዚያ ውጭ ያለው ከባድ ችግር ብርቅ ነው። የኒኬል አለርጂ ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከ60 በታች ከሆናችሁ፣ ነጥባችሁ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቀዳዳዋም ሰፊ ከሆነች፣ የነርቭ ሐኪሙና የልብ ሐኪሙ ሁለቱም ከተስማሙ አስደፍኑ። ሁለቱም መስማማታቸው ግዴታ ነው። መድፈኛውን የሚያስገባው የልብ ሐኪም ብቻውን ወስኖ ከሆነ የነርቭ ሐኪም አስተያየት ጨምሩ። ከ2016 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ ሕክምና ስለሆነ እዚያ ያላችሁ ከኢንሹራንስ ቅድመ ፈቃድ ጠይቁ፤ እስራኤል ያላችሁ ከኩፓት ሆሊማችሁ (ከጤና መድኅናችሁ) ቶፌስ 17 የሚባለውን የክፍያ ማረጋገጫ ሳታወጡ ቀጠሮ አትሂዱ። ኢትዮጵያ ሆናችሁ ነጥባችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን፣ ለዚህ ብሎ ውጭ አገር ለመሄድ መበደርን አልመክርም።

የልብ ምት ክትትል፦ 24 ሰዓት ወይስ ሦስት ዓመት?

እዚህ ላይ አጠር ላድርገው። ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ መቅጃ የልብን ምት ለሦስት ዓመት ገደማ ይከታተላል። በ2014 የታተመ ጥናት በ12 ወር ውስጥ በመቅጃው ከ100 ሰው በ12ቱ የምት መዛባት ሲያገኝ፣ በተራው ክትትል የተገኘው በ2 ሰው ብቻ ነው። ጥናቱ ግን የወሰደው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑትን ነው። ዕድሜያችሁ ከዚያ በታች ከሆነ፣ ኢኮውም ደህና ከሆነ፣ ልባችሁም ድንገት በኃይል የመምታት ጠባይ ከሌለው ሆልተር (የ24 ሰዓቱ መቅጃ) ወይም ደረት ላይ የሚለጠፍ የሁለት ሳምንት ፓች ይበቃል። በ50ዎቹ ዕድሜ ላሉ ግን የሚቀበረው መቅጃ ዋጋ አለው።

ከዚያ በኋላስ?

በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ ከ1980 እስከ 2010 ድረስ ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆኑ 959 ሰዎች ለረጅም ጊዜ ተከታትለዋል። የተዘጋ ደም ሥር ስትሮክ ከነበረባቸው ከ100 ሰው በ19ኙ በ20 ዓመት ውስጥ ስትሮክ ተመልሷል፤ 27 ያህሉ ሞተዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ልብ በሉ፦ ይህ የሁሉም ምክንያቶች ድምር ነው፤ ብዙዎቹ የታከሙትም በድሮው ሕክምና ነው። በሙሉ ምርመራ ምክንያት ያልተገኘባቸው ሰዎች የልብ ወይም የትልቅ ደም ሥር በሽታ ከተገኘባቸው የተሻለ ዕድል አላቸው። «ምንም አላገኘንም» የሚለው ዜና፣ ፍለጋው በደንብ ከተደረገ፣ እንቅልፍ ቢነሳም ጥሩ ጎን አለው።

ቤተሰብ የማያየው ጉዳት ሌላ ነው። እዚያው ጥናት ውስጥ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላም ከ100 ታማሚ 41ዱ ድካም ነበረባቸው፤ ከጤነኞቹ ግን 18ቱ። የሚጥል በሽታ ከ100 በ11ዱ መጣ። የማስታወስና የማሰብ ፍጥነት መቀነስ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ታየ። እጁም እግሩም የሚሠራ፣ በደንብ የሚናገር ሰው ከሰዓት በኋላ ድብን ብሎ ይደክመዋል፤ ሁለት ሰው አብሮ ሲያወራ መከታተል ያቅተዋል። «ደህና ነህ እኮ፣ ምን ሆንክ?» ይባላል። ስንፍና አይደለም፣ አንጎሉ ተጎድቷል።

ሥራ ላይ በአንዴ መመለስ ወይስ ቀስ በቀስ? ቀስ በቀስ፣ ያለ ማመንታት። ግማሽ ቀን፣ ከባዱ ሥራ ጠዋት፣ እረፍቱ ከመድከም በፊት። አሠሪው የሐኪም ወረቀት ከጠየቀ «ቀላል ሥራ» ከሚል ደፈናዊ ቃል ይልቅ የሰዓት ቁጥር ያለበት ይጻፍላችሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ ልብ ከከበደ፣ ምንም ካላስደሰተ፣ እሱም በሕክምና የሚድን ነው፤ በቀጠሮው ቀን ተናገሩ።

ለሴቶች አንድ ምርጫ በግልጽ ላስቀምጥ። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ከዚህ በኋላ ይቅር። በተለይ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ዓይናቸው ላይ ብልጭታ ወይም ዚግዛግ የሚታያቸው የሚግሬን ታማሚዎች ስትሮክ ባይነካቸውም ሊወስዱት አይገባም። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ጥሩ አማራጭ ነው። ልጅ መውለድ አይቀርም፤ ብዙዎች ወልደዋል። ዋርፋሪን የምትወስድ ግን ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ዋርፋሪን ፅንሱን ይጎዳል፣ በመርፌ የሚሰጥ ምትክ አለ።

በመጨረሻ ፋይላችሁን ራሳችሁ ያዙት። አገር የሚቀይር ሰው ብዙ ነው፤ ከጅዳ ወይም ከኩዌት ታማ የተመለሰች ልጅ እጇ ላይ አንድ ማዘዣ ብቻ ይዛ ትመጣለች፣ ምን ተሠርቶ ምን እንደቀረ የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። የኤምአርአዩን ዲስክ፣ የደም ሥር ምስሉን፣ የኢኮውን ሪፖርትና ቪዲዮ፣ የመውጫ ማጠቃለያውን ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ጠይቁ። ማጠቃለያው ላይ አረፋ ምርመራ መሠራት አለመሠራቱ፣ የልብ ምት ስንት ሰዓት እንደተቀዳ፣ አንቲፎስፎሊፒድ መቼ እንደሚደገም ይጻፍ። የፊልሙን ፎቶ በስልክ አንስቶ መያዝ አይበቃም፤ ሌላ ሐኪም ካሮቲድ ዌብን ወይም የደም ሥር ስንጥቅን መፈለግ የሚችለው ከዲስኩ ነው።